የኖርዌይ ምርመራ ጃፓን ቢሄድ ማንን ያገኛል? የ100,448 እናቶች ጉዳይ

ከ1995 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ኖርዌይ ውስጥ 100,448 ነፍሰ ጡር ሴቶች አንድ ያልተለመደ የደም ምርመራ ተደረገላቸው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዓላማው የእናት አንቲቦዲ (በሽታ መከላከያዋ የሚሠራው ፕሮቲን) የጽንሱን ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ትንሹን የደም ሴል፣ የሚያጠፋበትን በሽታ ቀድሞ ማግኘት ነበር። ጥያቄው አጭር ነበር። ፕሌትሌታቸው ላይ ኤችፒኤ-1ኤ የተባለው አንቲጂን (በሽታ መከላከያ የሚለየው ምልክት) አለ ወይስ የለም? ከመቶ 98 ያህሉ አላቸው። 2.1 ከመቶ የሚሆኑት የላቸውም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ያተኮረው በእነዚህ በጥቂቶቹ ላይ ነው።

ውጤቱ በ2007 “ብለድ” በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ስለዚህ ጥናት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስንት ሕፃን ከጉዳት ዳነ የሚለው ነው። መነሳትም አለበት። እኔ ግን ማየት የምፈልገው ያቺን 2.1 ነው። ቁጥሯ የዚያ ሕዝብ ናት፤ የሰው ልጅ ሁሉ አይደለችም። መርሐ ግብሩ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የቆመው በእሷ ላይ ነው። ሕዝቡ ሲለወጥ የሚለወጠው የታማሚ ብዛት ብቻ አይደለም። ማንን ቀድመን እንመርምር የሚለው ጥያቄ ራሱ ይገለበጣል።

በሽታው

ሾተላይን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እናት አርኤች ኔጌቲቭ ሆና ልጇ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የእናት አንቲቦዲ የልጁን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል። በፕሌትሌትም ተመሳሳይ ነገር አለ።  ፕሌትሌት ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ከሰው ሰው በጥቂቱ ይለያያሉ። ልጅ ከአባቱ የወረሰው ዓይነት እናቱ ዘንድ ከሌለ፣ ሰውነቷ ባዕድ ነው ብሎ አንቲቦዲ ሊሠራበት ይችላል። አንቲቦዲው በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የጽንሱን ፕሌትሌት ያወድማል።

እናትየው ምንም አይሰማትም። የራሷ ፕሌትሌት ቁጥሩ ልክ ነው። ልጁ ሲወለድ ቆዳው ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ሊታዩ ይችላሉ፤ ምንም ላይታይም ይችላል። የሚያስፈራው ጭንቅላት ውስጥ መድማት ነው። ይሄ ገና ማህፀን ውስጥ እያለ ሊደርስ ይችላል። ከሾተላይ የሚከፋበትም ነገር አለ፤ የመጀመሪያ ልጅንም ይነካል። መደበኛ ምርመራ ስለሌለ አብዛኛው ቤተሰብ ችግሩን የሚያውቀው አንድ ልጅ ከተጎዳ በኋላ ነው። ይህ በእውነት ልብ ይሰብራል። የኖርዌይ ተመራማሪዎች የተነሱትም ይህን ለመቅደም ነበር።

ልዩነቱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ፕሌትሌት ላይ ጂፒ3ኤ የሚባል ፕሮቲን አለ። በ1989 ፒተር ኒውማንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በዚህ ፕሮቲን 33ኛ ቦታ ላይ ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ካለ ሰውየው ኤችፒኤ-1ኤ አለው። በቦታው ፕሮሊን ከገባ ኤችፒኤ-1ቢ ይሆናል። በመቶዎች ከሚቆጠሩ አሚኖ አሲዶች አንዷ ብቻ መለየቷ ነው። ለእናት አንቲቦዲ ግን ትበቃለች።

ኤችፒኤ “የሰው ፕሌትሌት አንቲጂን” ማለት ነው። በስያሜው “ኤ” ብዙ ሰው ዘንድ ያለውን ዓይነት፣ “ቢ” ደግሞ ጥቂቶች ዘንድ ያለውን ያመለክታል። ቁጥሩ በግኝት ቅደም ተከተል ነው። ኤችፒኤ-1 ቀዳሚ የሆነው በ1959 ኔዘርላንድ ውስጥ መጀመሪያ ስለተገለጸ ነው። አደገኛነቱ ለሁሉም ሕዝብ አንደኛ ነው ማለት አይደለም።

ኖርዌይ ውስጥ የተደረገው

አካሄዱ ቀጥተኛ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ነፍሰ ጡር ትመረመራለች። ኤችፒኤ-1ኤ ያላት ትሰናበታለች። የሌላት ደግሞ አንቲቦዲ ሠርታ እንደሆነና እንዳልሆነ ይታያል። ከሌላቸው ሴቶች በ10.6 ከመቶው ላይ አንቲቦዲው ተገኘ። እነዚህ እናቶች ከመውለጃ ቀናቸው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቀደም ብሎ በኦፕራሲዮን እንዲወልዱ ተደረገ። ኤችፒኤ-1ኤ ከሌላቸው ለጋሾች የተወሰደ ፕሌትሌትም ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የሕፃኑ ፕሌትሌት በማይክሮሊትር ከ35,000 በታች ከሆነ፣ ወይም ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ከታየ ወዲያው ይሰጠዋል። (ጤነኛ ሕፃን 150,000 እና ከዚያ በላይ አለው።)

በዚህ መንገድ 170 እርግዝናዎች ተያዙ። አንቲጂኑን ከአባታቸው የወረሱ 161 ልጆች ነበሩ። 55ቱ ላይ ፕሌትሌቱ ከ50,000 በታች ወርዶ ተገኘ። ከእነዚህ 2ቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደምተዋል። ቀደም ብለው በተሠሩ ጥናቶች፣ ከ51 ከባድ ሕመም ካለባቸው ሕፃናት 10ሩ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደምተው ወይም ማህፀን ውስጥ ሞተው ነበር። በኖርዌዩ መርሐ ግብር፣ ክትትል ያመለጣት አንዲት እናት መንታዎች (አንዱ ሞቶ ተወለደ፣ ሌላው ከባድ ሕመም ነበረበት) ሲጨመሩ፣ ከ57ቱ 3ቱ ሆኑ።

ማነጻጸሪያው የድሮ ጥናቶች መሆናቸው ድክመት ነው፤ ተመራማሪዎቹም ራሳቸው ብለውታል። ጎን ለጎን ያልታከመ ቡድን አልነበረም። ስለዚህ “አስቀረ” ለማለት አይበቃም። እኔ ግን ቸል የሚባል ውጤት አይደለም ባይ ነኝ። አንድ ሕፃን ጭንቅላቱ ውስጥ ከደማ የሚተርፈው ጉዳት የዕድሜ ልክ ነው።

ከ2.1 የሚመዘዘው ስሌት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እያንዳንዱ ሰው የዚህ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንድ ከእናት፣ አንድ ከአባት። ኤችፒኤ-1ኤ የሌላት ሴት ሁለቱም ቅጂዎቿ “ቢ” ናቸው። ይህ 2.1 ከመቶ ላይ ከታየ፣ በሕዝቡ ውስጥ ካሉት ቅጂዎች “ቢ” የሆኑት የ0.021 ስኩዌር ሩት ናቸው። ወደ 14.5 ከመቶ ማለት ነው። ቀሪው 85.5 ከመቶ “ኤ” ነው።

ከዚህ ብዙ ነገር ይወጣል። አንቲጂኑ የሌላት እናት ያረገዘችው ልጅ ከአባቱ “ኤ” የመውረስ ዕድሉ 85.5 ከመቶ ነው። ስለዚህ እሷን ካገኘን ልጇ ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን ከሞላ ጎደል አወቅን። አባትየውን መመርመር ብዙም አይጨምርልንም። ከእርግዝናዎች ሁሉ 1.8 ከመቶ ያህሉ የማይጣጣሙ ይሆናሉ። ለጋሽ ማግኘትም ይቻላል። ከ48 ለጋሾች አንዱ ገደማ ተስማሚ ነው። ብርቅ ነው፤ ግን በመዝገብ ከተያዘ ይገኛል። ፕሌትሌት ለቀናት ብቻ የሚቆይ ስለሆነ ያ መዝገብ የግድ ነው።

በአጭሩ ኖርዌይ ውስጥ ብርቋ እናትየው ናት። የአባቶቹ አንቲጂን የተለመደ ነው። እናትን ቀድሞ መመርመር የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ያው ምርመራ ጃፓን ላይ

በጃፓን ሕዝብ ውስጥ ኤችፒኤ-1ቢ ከጂን ቅጂዎቹ 0.2 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱም ቅጂዋ “ቢ” የሆነች ሴት የምትገኘው ከ250,000 አንዷ ናት ማለት ነው። ያንኑ ምርመራ በ100,448 ጃፓናውያን እናቶች ላይ ብናደርገው በስሌት የምናገኘው 0.4 ሰው ነው። ምናልባትም ማንንም አናገኝም። ኖርዌይ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሴቶች የተገኙበት ወንፊት እዚያ ባዶውን ይመለሳል።

ይሄን ያየ ሰው ጃፓናውያን ሕፃናት ከዚህ በሽታ ነጻ ናቸው ሊል ይችላል። አይደሉም። በ1986 ሺባታና ባልደረቦቹ ዩክ-ኤ የተባለ አዲስ አንቲጂን ገለጹ። ያገኙት በትክክል ይሄ በሽታ በያዛቸው ሁለት ጃፓናውያን ሕፃናት ሰበብ ነው። ዛሬ ኤችፒኤ-4ቢ ይባላል። ያለው በዚያው በጂፒ3ኤ ፕሮቲን ላይ ነው። ቦታው ግን 33 ሳይሆን 143 ነው፤ አርጂኒን በግሉታሚን ተተክቷል። በጃፓን ከጂን ቅጂዎቹ 1 ከመቶ ገደማ ነው። በአውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ፕሮቲኑ አንድ፣ በሽታውም አንድ፣ ተጠያቂው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ለምን? በዋናነት የፍልሰትና የአጋጣሚ ጉዳይ ይመስላል። አንድ ለውጥ በአንድ አካባቢ ይነሳል። ጥቂት ሰዎች ተነጥለው ሲሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ወይም ትተውት ይሄዳሉ። በትውልድ ብዛት ይበዛል ወይም ይጠፋል። በአማዞን ነባር ሕዝቦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ኤችፒኤ-1ቢ አልተገኘም። በመካከለኛው አፍሪካ ደን ውስጥ በሚኖሩ ሕዝቦችም እንዲሁ፤ በዙሪያቸው ያሉት ሌሎች ሕዝቦች ግን አላቸው።

አደጋው የሚገለበጥበት ቦታ

እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሰዎች ሲያወሩ “በዚያ አገር ሌላ አንቲጂን ነው” ብለው ያልፉታል። ለውጡ ግን ከዚያ ይሰፋል።

በኤችፒኤ-4ቢ ጉዳይ ችግር የሚፈጥረው ብርቅዬው “ቢ” ነው። ይህ አንቲጂን የሌላቸው እናቶች 98 ከመቶ ናቸው። እናትን ቀድመን ብንመረምር ሁሉንም ማለት ይቻላል “ለአደጋ የተጋለጠች” ብለን እንመዘግባለን። ምርመራው ማንንም አይለይም። ብርቁ ሰው አባት ነው። “ቢ” የያዙት አባቶች 2 ከመቶ ያህል ናቸው። ስለዚህ ወይ ከአባት መጀመር፣ ወይ ደግሞ የእናትን ዓይነት ትቶ በቀጥታ አንቲቦዲዋን መፈለግ ያስፈልጋል።

የለጋሹም ነገር ይገለበጣል። ኖርዌይ ውስጥ ተስማሚ ፕሌትሌት የሚሰጠው ከ48 ሰው አንዱ ነው። ለኤችፒኤ-4ቢ ግን ከ100 ለጋሽ 98ቱ ይስማማሉ። ልዩ መዝገብ አያሻም። አስቸጋሪው ችግሩ መኖሩን በጊዜ ማወቁ ነው።

ማወቁስ እንዴት ነው? አንቲቦዲ የሚፈለገው የእናትን ሴረም (ከደም የሚለየውን ፈሳሽ) ዓይነታቸው ከታወቀ ሰዎች ፕሌትሌት ጋር በማገናኘት ነው። ማይፓ የሚባለው ዘዴ በ1987 ጀርመን ውስጥ ከወጣ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ላቦራቶሪዎች ይሠሩበታል። ጥሩ ዘዴ ነው። ሆኖም ላቦራቶሪው ያሰባሰባቸው ፕሌትሌቶች ሁሉ ኤችፒኤ-4ቢ የሌላቸው ከሆኑ፣ ያንን የሚያጠቃ አንቲቦዲ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ውጤቱ “ኔጌቲቭ” ይላል። እናትየው “አንቲቦዲ የለሽም” ትባላለች። ቀጣዩ ልጇ ግን ያው ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ከነገሩ ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የፕሌትሌቱ ስብስብ የሚመረመሩትን ሰዎች የማይወክል ከሆነ፣ ውጤቱ በሙሉ እምነት የተሳሳተ ይሆናል። ዛሬ ሰው ከአገር አገር ይሄዳል፤ ከሌላ ሕዝብ ሰው ጋርም ይጋባል። የአባትን ፕሌትሌት ከእናት ሴረም ጋር ማገናኘት የሚመከረው ለዚህ ነው። ስብስቡ ውስጥ የሌለው ነገር አባት ላይ ይገኛል።

ከሰሃራ በታች

በቤኒን፣ በካሜሩንና በኮንጎ በተደረጉ ጥናቶች ኤችፒኤ-1ቢ ከጂን ቅጂዎቹ 10 ከመቶ አካባቢ ነው። አንቲጂኑ የሌላት ሴት ወደ 1 ከመቶ ትሆናለች። ከኖርዌይ ግማሽ ያህል ነው። የኖርዌዩ ወንፊት እዚህ ይሠራል፤ የሚይዘው ግን ያነሰ ነው።

ከፍ የሚለው ሌላ ነው። ኤችፒኤ-2ቢ በአውሮፓ ከ10 ከመቶ በታች ሲሆን እዚህ ከ20 ከመቶ በላይ ይሄዳል። ኤችፒኤ-5ቢም በአውሮፓ 10 ከመቶ ገደማ፣ በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች 20 ከመቶ እና ከዚያ በላይ ነው። ስሌቱን እንሥራው። “ቢ” የሌላት እናት “ቢ” ያለው ልጅ ያረገዘችባቸው፣ “ቢ” 10 ከመቶ በሆነበት ሕዝብ ውስጥ ከእርግዝናዎች ሁሉ 8 ከመቶ ናቸው። “ቢ” 20 ከመቶ በሆነበት ሕዝብ ውስጥ ወደ 13 ከመቶ ይወጣል። ቁጥሩ ራሱ የሚያስደነግጥ ይመስላል። ነገር ግን ኤችፒኤ-5 የሚገኝበት ፕሮቲን በአንድ ፕሌትሌት ላይ ጥቂት ሺህ ቅጂ ብቻ አለው። ኤችፒኤ-1 ያለበት በብዙ አሥር ሺህ ይቆጠራል። ስለዚህ የ5ቢ አንቲቦዲ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ሕመም ነው የሚያመጣው። አለመጣጣም በዛ ማለት ከባድ ሕመም በዛ ማለት አይደለም።

ከኤችፒኤ ዝርዝር ውጭ ያለው ሲዲ36 የተባለው የፕሌትሌት ፕሮቲን ደግሞ በደንብ መታየት አለበት። በ1989 ጃፓን ውስጥ አንድ ታማሚ በኤችኤልኤ (ሰውነት የራሱን ሴል ከባዕድ በሚለይባቸው ፕሮቲኖች) የተመሳሰለ ፕሌትሌት እየተሰጠው የፕሌትሌቱ ቁጥር አልወጣ አለ። ምክንያቱ ናክ-ኤ የተባለ ያልታወቀ አንቲጂን ላይ የተሠራ አንቲቦዲ ሆኖ ተገኘ። በ1990 ይህ አንቲጂን የሌላቸው ጤነኛ የደም ለጋሾች ሲጠኑ፣ የጎደላቸው አንድ አሚኖ አሲድ አልነበረም። ሲዲ36 የሚባለው ፕሮቲን ፕሌትሌታቸው ላይ ጨርሶ የለም። ሰዎቹ ግን ጤነኞች ናቸው።

ከጃፓናውያን ጥቂት ከመቶ የሚሆኑት ፕሌትሌታቸው ላይ ይህ ፕሮቲን የለም። በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ በ1996 የወጣ ጥናት 2.4 ከመቶ አገኘ። በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ ከሞላ ጎደል አይታይም። ምክንያቶቹም የተለያዩ ናቸው። በጃፓን በብዛት የሚታየው የጂን ለውጥ 90ኛው ቦታ ላይ ነው፤ በአፍሪካ የታወቀው 325ኛው ላይ ነው። ሁለት ቦታ፣ በተለያየ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ጉድለት ተነሳ። ሲዲ36 የወባ ተህዋሲ የያዘው ቀይ የደም ሴል ደም ሥር ላይ ከሚጣበቅባቸው ፕሮቲኖች አንዱ ስለሆነ፣ ወባ ለውጡን አብዝቶት ይሆን ተብሎ ተጠንቷል። ውጤቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም።

ለእናቶች ይህ ምን ማለት ነው? ሲዲ36 ፕሌትሌታቸውም ሞኖሳይት የተባለው ነጭ የደም ሴላቸውም ላይ የሌላቸው ሴቶች አንቲቦዲ ሊሠሩ ይችላሉ። ልጁ ፕሌትሌቱ ብቻ አይጎዳም። ደም ማነስና የሰውነት ማበጥም ሊደርስበት ይችላል። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ኖርዌዩ ቅርጽ ይመለሳል፤ ብርቋ እናት ናት፣ ለጋሹም ብርቅ ነው። የኤችፒኤ ብቻ ምርመራ ግን አያገኛትም።

ድግግሞሽ የማይነግረን

ኖርዌይ ውስጥ አንቲጂኑ ከሌላቸው ሴቶች አንቲቦዲ የሠሩት ከአሥር አንድ ገደማ ናቸው። ዘጠኙስ? እዚህ ሌላ ጂን ይገባል። አንቲቦዲ ከሚሠሩት ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ዲአርቢ3 01፡01 የተባለውን የኤችኤልኤ ዓይነት ይዘው ይገኛሉ። ይህ ሞለኪውል ሉሲን ያለበትን የጂፒ3ኤ ቁራጭ ይዞ ለበሽታ መከላከያ ሴሎች ማሳየት ይችላል። ፕሮሊን ያለበትን እንደዚያ አይዝም። የዚህ ኤችኤልኤ ስርጭትም ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። ስለዚህ “1 ከመቶ እናቶች አንቲጂኑ የላቸውም” ተብሎ የ10.6ቱን ቁጥር በላዩ ማባዛት አያስኬድም። ሁለቱም ቁጥሮች በዚያው ሕዝብ ላይ መለካት አለባቸው።

ከኖርዌይ በኋላ ኔዘርላንድ ውስጥ ከ150,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ተመርምረው 2.4 ከመቶ ያህሉ ኤችፒኤ-1ኤ የላቸውም። ለኖርዌይ በጣም የቀረበ ነው። ከሁለት የአውሮፓ ሕዝቦች የተገኘ ተመሳሳይ ቁጥር ግን ለሌላው ዓለም ማስረጃ አይሆንም።

አንድ ሌላ አገር ተመሳሳይ መርሐ ግብር ቢያስብ፣ የመጀመሪያው ሥራ 100,000 እናት መመርመር አይደለም። 500 የደም ለጋሾችን በዲኤንኤ መመርመር ነው። 500 ሰው 1,000 የጂን ቅጂ አለው። 1 ከመቶ የሆነ ዓይነት ካለ ወደ አሥር ጊዜ ይታያል። ከኤችፒኤ-1 ጋር 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 እና 15 አብረው ይታዩ። ለጋሾቹ ከአንድ ከተማ ብቻ ሳይሆን ከተለያዩ ሕዝቦች ይውሰዱ። ሲዲ36 ግን በዲኤንኤ ብቻ አይታይም፤ ጉድለቱን የሚያመጡት ለውጦች ብዙ ናቸው። ፕሌትሌቱንና ሞኖሳይቱን በፍሎ ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር በሚያይ መሣሪያ) ማየት ያስፈልጋል። ከእነዚያው 500 ለጋሾች ደግሞ ብርቅ ዓይነት የያዙት ስልካቸው ይመዝገብ፤ ለላቦራቶሪው የፕሌትሌት ስብስብም፣ ለሚወለደው ሕፃንም የሚጠሩት እነሱ ናቸው።